አዲሷ ሞተርና የደምሴ ለቅሶ

ሁለቱም ዛሬ የሉም። ደምሴንም ነፍሱን ይማረው፣ ሸዋንግዛውንም ነፍሱን ይማረው። በሕይወት ሳሉ አዋሳ ውስጥ እንደነሱ አብረው የሚታዩ ሁለት ሰዎች አልነበሩም። ጠዋት ከመሥሪያ ቤት አብረው ይወጣሉ፣ ማታ አብረው ይገባሉ። ታዲያ ደምሴ በሸዋንግዛው ምን ያህል ይቀና እንደነበር፣ ራሱ በሰው ፊት እስኪናገረው ድረስ፣ ከሚስቱ ከፅጌ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። እሷም ብትሆን ያወቀችው በአንዲት ሞተር የተነሳ ነው።

መሥሪያ ቤታቸው ከብት ይከትባል። ክትባቱ በረዶ በተሞላ ሣጥን ይሆንና ከሞተር ጀርባ ታስሮ ወደ ሲዳማ ደጋ ይወጣል። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ መኪና የማይገባበት አገር ነው። በበጋ አቧራው ጎማውን እስከ ግማሹ ይውጠዋል፤ በክረምት ጭቃው ከጎማው ጋር እየተጠቀለለ ሞተሯን እንደታሰረች ፍየል ባለችበት ያስቀራታል። ድልድይ የሚባለው ሁለት ግንድ ነው። በዚያ መንገድ ሁለት ዓመት የሠራች ሞተር አርጅታለች ይባላል። የደምሴ ሞተር ግን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ቀለሟ እንኳ አልተላጠም።

ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከሞተሯ ሆድ ሥር፣ ዘይቱ ካለበት በታች፣ ድንጋይ እንዳይመታት የብረት ሳህን አስበይዶላታል። የፊት እግሮቿን ጭቃ እንዳይበላቸው በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጠቅልሏቸዋል። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቿን እንደ ሌላው ሰው ጥርቅም አድርጎ አያስርም፤ ብሎኑን ትንሽ ላላ ያደርገዋል፤ ብትወድቅ እጀታው ዞር ይላል እንጂ አይሰበርም። ጭቃ ላይ ሲያቆማት ከመቆሚያዋ ሥር የሚያደርገው ጠፍጣፋ እንጨት ነበረው። ወንዝ ሲደርስ መጀመሪያ ሱሪውን ሰብስቦ በእግሩ ይሻገራል፣ ድንጋዩን በዱላ ይዳስሳል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ ነው ሞተሯን የሚያሻግራት። ገበሬዎቹ ቆመው እያዩ «ሰውዬው ሞተሯን ይነዳታል ወይስ ይሸኛታል?» ይባባሉ ነበር።

ሸዋንግዛው የመጣው ከሰሜን ሸዋ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ ከደምሴ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳል። የሸዋንግዛው ነገር መውደቅ ነበር። ጊዳቦ ወንዝ ውስጥ ወድቋል፣ ቦይ ውስጥ ወድቋል፣ አንዴ ደግሞ ከነሞተሩ አጥር ጥሶ የሰው ጓሮ ገብቶ እንሰት ሥር ተገኝቷል። የጭቃ መከላከያዋን በእንሰት ቃጫ አስሮ፣ መሪዋ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ሲመጣ ሠራተኛው ከየቢሮው እየወጣ ይከበዋል።

«ላሟ ወደ ቀኝ ስትል እኔ ወደ ግራ» ይላቸዋል ሸዋንግዛው፣ ጉልበቱ ላይ የደረቀውን ደም እየፈቀፈቀ። «ወደ ግራ ስል ደሞ እሷም ወደ ግራ። ቆመን ተያየን። እኔ ይቅርታ ልጠይቃት ስል እሷ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቦዩን ጠይቁት።»

ጸሐፊዋ ታቢታ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ታቢታ የጸሎት ቤት ልጅ ናት፤ በዋዛ የምትስቅ ሰው አልነበረችም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሽፈራው እንኳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያዳምጣል።

ደምሴ በዚያ ሰዓት ሞተሯን ያጥባል። በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀስ ብሎ፣ ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ። ወድቆ አያውቅም። ያልወደቀ ሰው ደግሞ ምን ያወራል? ከሀገረ ሰላም በላይ ያሉትን አሥራ አንድ ቀበሌዎች በዝናብ ዞሮ፣ አንድ ብልቃጥ ሳይሰበርበት፣ አንድ ብሎን ሳይጎድልበት ሲመለስ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ደህና ገባህ?» ይባላል። «ደህና» ይላል። በቃ።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሚቃረብበት ጊዜ ለመሥሪያ ቤቱ አንዲት አዲስ ሞተር መጣች። ሰማያዊ ናት። መቀመጫዋ ላይ ያለው ላስቲክ ገና አልተቀደደም። ዕቃ ቤት ገብታ ሁለት ሳምንት ቆመች፤ ደምሴ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የእሱ እንደምትሆን ለአንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠረም። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው ሌላ ምን ያስባል? በምሳ ሰዓት ዕቃ ቤት ገብቶ በሲባጎ ሆዷን ለካና ባህል አዳራሽ አካባቢ ወደሚሠራው በያጅ፣ ወደ ደበሌ ሄደ። ከተሰባበረ የጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ላሜራ መረጡ። ደበሌ ቆርጦ፣ ጠርዙን አጥፎ፣ የብሎን ቀዳዳ አውጥቶ፣ ለዘይት ማፍሰሻ ክፍት ትቶ ቆንጆ አድርጎ ሠራው።

ሳህኑ ባለቀ በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ።

«ጓድ ደምሴ» አለ ጓድ ሽፈራው፣ «አንተ እኮ አሮጊቷን እንደ ዓይንህ ብሌን ነው የያዝካት።»

«አዎ ጓድ።»

«ገና አምስት ዓመት ትሠራለች?»

ደምሴ ኩራት ያዘው። «አሥርም ትሠራለች» አለ።

«ጥሩ። እንግዲያው አዲሷ ለጓድ ሸዋንግዛው ትሰጥ። የእሱ አልቃለች፤ ደብረ ዘይት ድረስ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው።»

ሰው ሳቀ። አጨበጨበ። ደምሴም አጨበጨበ፤ እጆቹ የእሱ አልመስል አሉት። ዘጠኝ ዓመት በእግሩ ወንዝ የተሻገረው አሮጌ ላይ ለመቅረት ኖሯል። ያ ደግሞ ሰባብሮ ሰባብሮ አዲስ ወሰደ። የሰበረ ይሸለማል፣ የጠበቀ ይረሳል፣ ይህን እያሰበ ነበር ሸዋንግዛው መጥቶ በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ የነቀነቀው።

«ጋሽ ደምሴ፣ አንተ ነህ እኮ መውሰድ የነበረብህ። እኔስ አፍሬ ነው የተቀመጥኩት።»

«ምን ቸገረኝ። ለእኔ አሮጊቷ ትበቃኛለች» አለ ደምሴ።

ማታ ሳህኑን በጆንያ ጠቅልሎ ቤቱ አስገባና አልጋው ሥር ገፋው። ፅጌ ድምፁን ሰምታ መጣች።

«ምንድነው እሱ?»

«ብረት ነው።»

«ብረት መሆኑንማ ሰማሁት። አልጋ ሥር ምን ይሠራል?»

«ይቀመጣል።»

ፅጌ ጆንያውን ገለጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ ባሏን አየችው። «የአዲሷ ነው አይደል?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ስትጠርግ መጥረጊያዋ ብረቱን በመታ ቁጥር ጥቂት ቆም ትል ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ሸዋንግዛው አዲሷን እየገፋ ደምሴ ሞተሩን ወደሚያጥብበት መጣ። ገና ቁልፉን ከአንገቱ ላይ አላወረደውም።

«ጋሼ፣ እንዳንተዋ አድርገህ አዘጋጅልኝ» አለው። «እስከ ዛሬ የቀለድኩት ይበቃኛል። ይቺን ከሰበርኩ ሰው አይደለሁም። ከሆዷ ሥር ብረት ላሠራላት?»

ደምሴ ጎንበስ ብሎ የሞተሯን ሆድ አየ። የዘይቱ መያዣ ቅርፊት እንደ እንቁላል ለስላሳ ሆኖ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። አንድ የሾለ ድንጋይ ይበቃዋል።

«አያስፈልጋትም» አለ። «የእኔዋ አሮጌ ስለሆነች ነው። የዛሬዎቹን ከፋብሪካቸው ጠንካራ አድርገዋቸው ነው የሚልኳቸው። ብረት ብትጨምርባት ክብደት ነው የሚሆንባት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዘጠኝ ዓመት ነው የነዳሁት፣ ሸዋ።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለና ሸዋንግዛው አመስግኖት ሄደ። ምስጋናው ደምሴን እንደ ስድብ ቆረቆረው።

ከዚያ ወዲህ ደምሴ አንድ ልማድ አወጣ። ዓርብ ዓርብ ከመስክ ሲመለሱ ሸዋንግዛው ሞተሯን አቁሞ ሊያወራ ሲሄድ እሱ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ይልና ሆዷን ያያል። ጭረት ፈለገ። አንድ ጭረት፣ አንዲት ጎድጎድ ያለች ምልክት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር ሆነ፤ ሆዷ እንደ ፊቱ ያበራል። ጭራሽ ሸዋንግዛው መውደቁን ተወ። የሚያወራው አጣ ሲሉት አሁን ስለ ሞተሯ ያወራል፤ ሰውም እንደ ድሮው ይሰማዋል። «ወንዝ ስደርስ ሱሪዬን ሰብስቤ እንደ ጋሽ ደምሴ በእግሬ ነው የምሻገረው» ሲል ሁሉም ሳቀ፤ ታቢታም ሳቀች። ደምሴ ዘጠኝ ዓመት ሲሻገር ማንም ስቆ አያውቅም። የራሱ አካሄድ እንኳ ሌላ ሰው ሲሄድበት ነው የሚያምረው።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ወር፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ደምሴ በዚያ ሳምንት መስክ አልወጣም ነበር። ታቢታ የጽሕፈት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጓድ ሽፈራው ደብዳቤ እየፈረመ ነው። አበበች የምትባል ከሀገረ ሰላም ቅቤ እያመጣች የምትሸጥ ነጋዴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የቅቤ ዕቃዋን እንኳ ሳታወርድ በሩን አልፋ ገባች።

«ያ ልጅ» አለች። «ያ ከብት የሚወጋው፣ ቀዩ ልጅ። ሞቷል።»

አበበች የበሩን መቃን ይዛ ያየችውን ነገረች። አውቶቡሱ ከሀገረ ሰላም ቁልቁል ሲወርድ ስምንት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። ቃሬዛው ላይ ያለው በጋቢ ከላይ እስከ ታች ተሸፍኗል። ጋቢው ላይ ደግሞ ያ ልጅ ሞተር ሲነዳ የሚያደርጋት ቀይዋ ቆብ፣ ነጭ መስመር ያለባት ሄልሜት፣ ተቀምጣለች። የክትባቱን ሣጥን አንድ ሽማግሌ በራሱ ላይ ተሸክሞ ይከተላል። ከወዲያ የሚመጡ መንገደኞች ኮፍያቸውን እያወለቁ ቆመዋል። ሾፌሩ ቁም ቢባል አልቆመም፤ አበበች በመስኮት ደረቷን እየመታች ነው ያለፈችው።

ያችን ቀይ ሄልሜት የማያውቅ የለም። በዚያ መንገድ ላይ እንደሷ ያለች ሌላ የለችም።

ታቢታ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ጓድ ሽፈራው ብዕሩን አስቀመጠ። ደምሴ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ይህ ነው።

«ሞተሯስ?»

አበበች «ምን?» አለች።

«ሞተሯ አብራ የለችም?»

ታቢታ እጆቿን ከፊቷ አውርዳ አየችው። ዕድሜውን ሁሉ ብዙ ሰው አይቶታል፤ እንደዚያ ግን ማንም አይቶት አያውቅም። ደምሴ የተናገረውን የሰማው ከእሷ ዓይን ነው። ወጥቶ ከግድግዳው ኋላ ቆመና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ።

የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር መስክ ላይ ነበር። ሌላ መኪና ለማግኘት የነዳጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አይሰጥም። ነገ ማለዳ ሬሳውን ሊያመጡ ተስማሙ። መርዶ እንደ ወጉ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነበር የሚነገረው፤ ይሄኛው ግን ከአበበች አፍ ወጥቶ ከተማውን አዳርሶታል። ሸዋንግዛው ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ከወይዘሮ ተዋበች ግቢ ነው። ዕድሩ ድንኳን ጣለ። እናቱ ሰሜን ሸዋ ናት፣ ወንድም አዋሳ የለውም። ታዲያ ለቅሶው ላይ ማን ይቀመጥ ሲባል ሁሉም ሰው አንድ ስም ጠራ።

«ደምሴ አለ አይደል? ከወንድም በላይ።»

ደምሴን ፍራሹ ላይ አስቀመጡት። ፅጌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መካከል ገባች። የሚመጣው ሁሉ እየጮኸ ገብቶ ፊቱ ቆሞ ደረቱን ይመታል፣ ይስመዋል፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል።

ሰውም መጣ። መጀመሪያ ጎረቤቱ መጣ። ቀጥሎ ከአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ በእግራቸው፣ ገና እጃቸው ቅርፊት እንደያዘ መጡ። ሸዋንግዛው እሑድ እሑድ መረባቸውን እየጎተተ ይስቅ ነበር አሉ። ከሐይቅ ዳር ሆቴል አስተናጋጆቹ ወጥተው መጡ። የቀበሌው የእግር ኳስ ቡድን እንዳለ፣ ግብ ጠባቂው ሳይቀር። ታቢታ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ በየቤቱ የሚሰበሰቡትን ጓደኞቿን አምጥታ አጥሩ ሥር ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። ከሾኔ በኩል የመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሸዋንግዛው ላሙን እንዳዳነለት ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እየነገረ ያለቅሳል። ፀሐዩ ሳይበርድ ግቢው ሞላ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

ደምሴ ይህን ሁሉ ከፍራሹ ላይ ያያል። መጀመሪያ ላይ ደነገጠ። ከዚያ ያ የሚያውቀው ቅናት ተነሳ። ይህን ሁሉ ሰው መቼ አወቀው? ሦስት ዓመት ነው አዋሳ የኖረው። እኔ አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። እኔ ብሆን ማን ይመጣ ነበር? ፅጌ፣ ዕድሩ፣ ከመሥሪያ ቤት አንድ ሁለት ሰው ሰዓቱን እያየ። ዓሣ አጥማጆች ለእኔ ይመጡ ነበር? እያለ ፊታቸውን አንድ በአንድ ያይ ጀመር። በሞተ ሰው እየቀና መሆኑ ሲገባው ጭንቅላቱን በነጠላው ሸፈነ። ሰዎቹ ያዘነ መስሏቸው «ቻለው፣ ቻለው» አሉት።

ወይዘሮ ተዋበች መሐል ገብተው ያንጎራጉራሉ።

«እናትህ ሩቅ ናት፣ ድምፄን አትሰማ፣
እኔው ላልቅስልህ በሰው ከተማ።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ደምሴ ግን እንባ አልመጣለትም። አጠገቡ የተቀመጡ የዕድሩ ዳኛ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ደምሴ፣ አውጣው። ሰው ሐዘኑን ካላወጣ ይታመማል። ተነስተህ በስሙ ጥራው» አሉት።

ተነሳ። ወንድም የሞተበት ምን እንደሚል ሁሉም ያውቃል፤ ጋሻዬ ይላል፣ አለኝታዬ ይላል። ደምሴ ይህን ለማለት አፉን ከፈተ።

«ሸዋ» አለ። «ብረቱ አልጋዬ ሥር ነው።»

ሰዉ ጠበቀ።

«በልኳ ነው ያሠራሁት፣ ሸዋ። በሲባጎ ለክቼ። አያስፈልጋትም ያልኩህ ውሸቴን ነው። አዲስ ስለወሰድክ ነው። እንድትሰበርብህ ብዬ ነው። እንድትሞት አላልኩም፣ እንድትሰበርብህ ነው ያልኩት። ዓርብ ዓርብ ጎንበስ ብዬ የማየው እሱን ነው። ዛሬም መሞትህን ሲነግሩኝ ሞተሯስ ነው ያልኩት። ታቢታ ሰምታኛለች።»

አብዛኛው ሰው ነገሩን የለቅሶ ቃል አድርጎ ወሰደው፤ ሰው ሲሞት የቀረው ራሱን መክሰሱ ያለ ነው። አንዲት ሴትዮ «ወይ አንጀቴን» ብላ ጮኸችና ለቅሶው እንደገና ተነሳ። ፅጌ ግን ቀና ብላ ባሏን አየችው። ከወንዶቹ መቀመጫ ጫፍ ላይ ጓድ ሽፈራውም አየው።

በዚህ መሐል ነው ከውጭ ሌላ ጩኸት የተሰማው። አንድ ሰው እያነከሰ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ እየጮኸ በአጥሩ በር ገባ።

«እማማን። እማማን። ሳልሰናበትዎት፣ እማማን።»

ሰዉ ፊቱን ልብ ሳይል እንደ ልማዱ መንገድ ከፈተለት። ያለቀሰው አለቀሰ፣ የተቀበለው ተቀበለው፤ መሐል ድንኳኑ ደርሶ ወይዘሮ ተዋበችን ቆመው ሲያያቸው ጩኸቱ አፉ ውስጥ ቀረ። ሸዋንግዛው ነው። ቁርጭምጭሚቱ በጨርቅ ታስሯል፣ ሸሚዙ በዘይት ጠቁሯል።

«እማማ፣ እርስዎ አልሞቱም?» አለ።

«አንተ ነህ የሞትከው» አሉት ወይዘሮ ተዋበች፣ ወገባቸው ላይ ያሰሩትን ነጠላ እንደያዙ። ከዚያ እዚያው ተቀመጡ።

የሆነው ይህ ነው። ከትናንት በስቲያ ሸዋንግዛው ከሀገረ ሰላም በላይ አንድ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላ ጎማዋ ተንሸራተተ። ሞተሯ በሆዷ የሾለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ቅርፊቱ ተበሳ፣ ዘይቱ ፈሰሰ። የእሱ እግር ተጠመዘዘ። ለእግሩ ግድ አልነበረውም። ቀዳዳው ውስጥ አሸዋ እንዳይገባ በቆጮ ሊጥ ደፈነው። አቧራ እንዳይነካት የራሱን ጋቢ አለበሳት። ጋቢውን ነፋስ እንዳይወስደው ሄልሜቱን ላዩ ላይ አስቀመጠ። መሬት ለመሬት እንዳትጎተት ደግሞ ባራሳ የሚባል ገበሬ የታመመ ሰው የሚሸከሙበትን ቃሬዛ አምጥቶ ስምንት ሰው አስተባበረለት። እሱ ያለ ሄልሜቱ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ፣ በበቅሎ ከኋላ ቀረት ብሎ ይከተል ነበር። መንገድ ላይ የጭነት መኪና አግኝተው ሞተሯን ጫኑ፤ አሁን ውጭ መኪናው ላይ ናት። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሲያይ የሞቱት አከራዩ ወይዘሮ ተዋበች መስለውት ነበር።

«ጋሽ ደምሴ ቢሆን እንዴት ያደርጋት ነበር እያልኩ ነው የጠበቅኋት» አለ ሸዋንግዛው። ሰው ሁሉ ዞሮ ደምሴን አየ። ሸዋንግዛው ግን ለምን እንደሚያዩት አልገባውም፤ ወዲያው ንፍሮ አቅርቡልኝ፣ ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም አለ። ለራሱ ለቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ እፍኝ ሙሉ ሲበላ ያየ ሁሉ ሳቀ። ደምሴ በዚያው ሳቅ መሐል ወጥቶ ሄደ።

ማክሰኞ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ሲሰበሰብ አጀንዳው አንድ ነበር። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ንብረት ተሰበረ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሳይታሰብ ከሆነ ግለ ሂስ አድርጎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ታስቦ ነው ከተባለ ስሙ አሻጥር ነው፤ አሻጥር የተባለበት ሰው መጨረሻው የት እንደሆነ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም።

ሸዋንግዛው በዱላ ተደግፎ ተነሳ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለቅሶው ላይ የተባለውን ሰው ነግሮታል። ደምሴ ፊቱን ለማየት አልደፈረም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ሸዋንግዛው። «ቁልቁለቱን በእግሬ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ብረት ማሠራትም ነበረብኝ፤ ሳላሠራ ቀረሁ። ግለ ሂሴን አድርጌያለሁ።»

«ጓድ ደምሴ በለቅሶው ላይ የተናገረው ነገር አለ» አለ ጓድ ሽፈራው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሰው ለቅሶ ላይ ያልሆነውን ሁሉ ይላል። እማማ ተዋበች እኮ እኔን አንበሳ ብለውኛል፤ እስቲ ይታያችሁ። የለቅሶ ቃል ቃለ ጉባኤ ውስጥ ከገባ ማንም ሰው ደህና ቤቱ አይገባም።»

ሰዉ ሳቀ። ጓድ ሽፈራውም ፈገግ አለ። ታቢታ ቃለ ጉባኤውን መጻፏን አቆመች። በሩ ተከፍቶለታል፤ ደምሴ ዝም ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

እዚያም ተቀምጦ ቀናበት። ይህንንስ ከየት አመጣው? ተበድሎ እንዲህ የሚያደርግ ልብ ከየት አገኘ? እኔ ብሆን ኖሮ በዱላው ጭንቅላቱን ነበር የምለው። ሞተሯን ወሰደ፣ ሳቁን ወሰደ፣ ለቅሶውን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ደግነቱንም እሱ ሊወስድ ነው። ይህን እያሰበ ሳለ እግሩ ከእሱ ቀድሞ ተነሳ።

«የለቅሶ ቃል አይደለም» አለ። «እውነት ነው። ታቢታ፣ ጻፊው።»

ታቢታ ጓድ ሽፈራውን አየች፤ ከዚያ ጻፈች።

ጓድ ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ግን ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ድካሙ አየለ። አሻጥር የሚለውን ቃል አፉ ላይ አላመጣውም። ደምሴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው፣ ለስድስት ወር በሞተር እንዳይሠራና በበቅሎ እንዲከትብ፣ አሮጊቷም አዲሷ ተጠግና እስክትወጣ ለጓድ ሸዋንግዛው እንድትሰጥ ተወሰነ። ሰው እጁን አወጣ። ደምሴም አወጣ።

በማግስቱ ሸዋንግዛው አሮጊቷን ሊወስድ ደምሴ ቤት መጣ። ደምሴ ቁልፉን ሰጠው። ፅጌ ወንበር አመጣችለትና ወደ ውስጥ ገባች። ሁለቱ በረንዳው ላይ ከሐይቁ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ እየነካቸው ተቀመጡ። ከጥቂት በኋላ ሸዋንግዛው እግሩን ዘረጋና «እንዲያው፣ ጋሼ፣ ስንት ሰው መጥቶ ነበር?» አለ።

«የት?»

«ለእኔ ነዋ። እኔ ስገባ ዓይኔ እማማ ላይ ነበር። ከዚያ ደሞ ሁሉም ሳቀ፣ ተበተነ።»

«ብዙም አልነበረም» አለ ደምሴ።

ሸዋንግዛው ራሱን ነቀነቀ። «መቼስ አገሬ ሩቅ ነው» አለ። «ሰውም ሥራ ላይ ነው። ያውም ዓርብ ቀን።» ይህን ሲል እየሳቀ ነበር፤ ነገር ግን የዱላውን ጫፍ ያያል፣ እንደገና የዱላውን ጫፍ ያያል።

ደምሴ አላስቻለው። ከአሞራ ገደል የመጡትን ዓሣ አጥማጆች ነገረው። የሆቴሉን አስተናጋጆች ነገረው፣ ማን ማን እንደነበሩ በየስማቸው። ግብ ጠባቂው እንዴት እንዳለቀሰ፣ ታቢታና ጓደኞቿ አጥሩ ሥር ቆመው ምን እንደዘመሩ፣ ባለ ላሙ ሽማግሌ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ነገረው። አጥሩ ላይ የተደገፉትንም ነገረው። ሸዋንግዛው በመሐል አላቋረጠውም፤ ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ ይሰማል።

«አንተስ?» አለ በመጨረሻ። «አለቀስክ?»

«አላለቀስኩም።»

«ለምን?»

«ቀንቼ ነበር።»

«በእኔ? በሬሳው?»

«በሬሳው።»

ሸዋንግዛው ሳቁ መጣበት። ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም፤ ሲስቅ የተጠመዘዘው እግሩ ስለሚያመው እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ይስቃል፤ ፅጌ ምን ሆናችሁ ብላ እስክትወጣ ድረስ።